የሲራራው ነጋዴ ሽፋኑ ላይ ለምን አይታይም? ስለ ጌም የሽፋን ሥዕል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሦስት ዓመት የደከሙበት «ሲራራ» የተባለ የንግድና የስልት ጌም አላቸው። ተጫዋቹ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ነጋድራስ ይሆንና ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠውን አሞሌ በግመልና በበቅሎ አስጭኖ ወደ ደጋ ገበያዎች ይወጣል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፣ ከሽፍታ ጋር ይደራደራል፣ ጭነቱ ሳይጎድል ክረምቱን ለመቅደም ይጣጣራል። ገጹ ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጌሞች የኢንተርኔት ሱቅ ላይ ከተከፈተ አራት ወር ሆኖታል። ወደ ገጹ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጌሙን ወድዶ ዊሽሊስቱ (ሊገዛቸው ያሰባቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ ያስገባዋል፤ ችግሩ የሚገባው ሰው ማነሱ ነው። የሽፋኑ ሥዕል ከጌሙ መክፈቻ የተነሣ ስክሪንሹት ሲሆን፣ ጀንበር ስትጠልቅ በጨው ሜዳ ላይ ተሰልፈው የሚጓዙ አሥራ አራት ግመሎችን ያሳያል፤ ሰማዩ ላይ «ሲራራ» የሚለው ቃል በቀጭኑ በአማርኛ፣ ከሥሩ ደግሞ በላቲን ፊደል ተጽፏል። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ቀለሙን ብቻ ብናስተካክል ይበቃል ወይ? ለሠዓሊ መክፈል ይገባናል ወይ? የአማርኛውን ጽሑፍ እናውጣው ወይስ እንተወው?

ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ ውብ ነው፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቆሜ የማየው ነው። ይሁን እንጂ ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ፣ ወደ ገጹ የገቡት ሰዎች ጌሙን መውደዳቸው ነው። የማስተዋወቂያ ቪዲዮው፣ የገጹ ጽሑፍና ጌሙ ራሱ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ሰው የሚመለሰው ገና ከደጅ ነው ማለት ነው። ደጁ ደግሞ ሽፋኑ ነው። ስለ ጌምዎ ምንም ያልሰማ ሰው በዝርዝሮችም ሆነ በፍለጋ ውጤት ውስጥ የሚያገኘው ይህችን ትንሽ ሥዕል፣ ከጎኗም ስሙንና ዋጋውን ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ቀለም ማስተካከል አይበቃም፤ ስሕተቱ ያለው ለሥዕሉ በተመረጠው ርእሰ ጉዳይ ላይ ነውና። የሣላችሁት ጌሙ የሚካሄድበትን አገር ነው፤ ተጫዋቹ የሚሆነውን ሰውና የሚሠራውን ሥራ ግን ሥዕሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ መጠን ልናገር፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ጌም ሠሪዎች ሽፋናቸውን በሰፊ ማሳያ ፊት ተቀምጠው ስለሚያጸድቁት ገዢው የሚያየውን ነገር አንድም ቀን ሳያዩት ይቀራሉ። ስቲም የሽፋን ሥዕሎችን «ካፕሱል» ይላቸዋል፤ «ትንሹ ካፕሱል» የሚለውን ሥዕል 462 በ174 ፒክስል አድርገው እንዲያስገቡ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደየቦታው አሳንሶ በ184 በ69፣ ሲብስም በ120 በ45 ያወጣዋል። 120 ፒክስልን ለአሥራ አራት ግመል ቢያካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ዘጠኝ ፒክስል እንኳን አይሞላም። በዘጠኝ ፒክስል ጉንዳን ይሣል እንደሆነ እንጂ ግመል አይሣልም። ሽፋንዎን በዚህ መጠን አሳንሼ ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳየው ከሩቅ የሚታይ አጥር መስሎት ነበር። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ታፔላ እንዴት እንደሚያነብ ያስታውሱ፤ ፊደል አይቆጥርም፣ የቃሉን ቅርጽ በጨረፍታ ይለይና ወይ ይሮጣል ወይ ፊቱን ያዞራል። የሱቅ ዝርዝር የሚያገላብጥ ሰውም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ከእርሱ የባሰ ነው፤ ታክሲ ጠባቂው የሚሄድበትን ሰፈር ያውቃል፣ ይህ ግን የሚፈልገውን ገና አላወቀም።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነጻ ሆኜ አይደለም የምመክረው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትንሽ ቡድን ሽፋን ስሠራ የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ጥልፍ ብቻ ለመሣል አንድ ሳምንት ፈጅቻለሁ። ሥዕሉ ዝርዝር ውስጥ በወጣበት ቀን ጥልፉ ቀርቶ ቀሚሱም አልታየም፤ ፊቷ ምስር አክሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ሽፋን የምጀምረው በ120 በ45 ሰሌዳ ላይ፣ በሦስት ድፍን ቀለም፣ ዝርዝር ነገር ሳልጨምር ነው። በዚያ መጠን ምን እንደሆነ የማይታወቅ ረቂቅ፣ ቢያድግም ትልቅ ከመሆን በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የስልት ጌም የሚወድ ሰው ሽፋን ሲያይ የሚፈልገው መልስ «እዚህ ውስጥ እኔ ማን እሆናለሁ? ምንስ አደርጋለሁ?» ለሚል ጥያቄ ነው፤ ይህንን ጮክ ብሎ አይጠይቅም፣ ዓይኑ ግን ይጠይቃል። የጀንበር መጥለቅና የግመል ሰልፍ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙ ዓይነት ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው በበረሃ ውስጥ በእርጋታ የሚሄዱበት የጉዞ ጌም፣ ውኃና ምግብ የሚፈለግበት የሕልውና ትግል፣ ወይም ታሪክ የሚነበብበት ጌም ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። እነዚያን የሚፈልግ ሰው ጠቅ አድርጎ ቢገባ የቀረጥና የጭነት ሠንጠረዥ ያገኝና ይወጣል፤ የእርስዎን ጌም የሚፈልገው ሰው ደግሞ ሽፋኑ ስላልጠራው ገና ከመጀመሪያው አልገባም። ከአንድ ሥዕል ሁለት ኪሳራ ማለት ይህ ነው። ሽፋን ያልሆነውን ሆኖ መሳብ የለበትም የምለውም ለግብረገብ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል፤ ስለዚህ በተሳሳተ ተስፋ የገባ ገዢ ገንዘቡን ይዞ የሚወጣበት በር ክፍት ነው።

በጌም ዓለም የታወቁ ሽፋኖችን ስናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ሆሎው ናይት» እጅግ ሰፊ የሆነ የከርሰ ምድር አገር ያለው ጌም ነው፤ ሠሪዎቹ ግን በሽፋኑ ላይ ያስቀደሙት ያንን አገር ሳይሆን ሁለት ቀንድና ባዶ ጥቁር ዓይኖች ያሉትን ነጭ ጭንብል ነው። ጭንብሉ በጥቁር ሰማያዊ ላይ በመቀመጡ ወደ ጥፍር መጠን ቢያንስም ይለያል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ሰለስት» ተራራ ስለ መውጣት ነው፤ ተራራውን ብቻውን አላቆሙትም፣ የምትወጣውን ባለ ቀይ ጠጉር ልጅ አስቀደሙ። «ካፕሄድ» ደግሞ ራሱ ሲኒ የሆነ ገጸ ባሕርይ በ1930ዎቹ የካርቱን አሣሣል ስላቀረበ፣ አሣሣሉ ብቻውን የጌሙን ጠባይ ይናገርለታል። በአንጻሩ «ስታርዲው ቫሊ» እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የሽፋኑን አብዛኛውን ቦታ የሰጠው ለርእሱ ጽሑፍ ነው፤ ሰው አላስፈለገውም፤ የፊደሉ ቅርጽና ከጀርባው ያለው ገጠር «ይህ ጌም ደግ ነው» ለማለት በቂ ነበሩ። ስለዚህ የግድ ፊት ይሣል የሚል ሕግ የለም። ሕግ ሊባል የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት አንድ ነገር ይኑር፣ ያ ነገርም ስለ ጌሙ እውነቱን ይናገር።

ለእርስዎ ጌም ያ አንድ ነገር ነጋድራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከደረቱ በላይ ይሣል፤ የሥዕሉን ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሙላ፤ በአንድ እጁ አንድ አሞሌ ወደ ተመልካቹ ይዘርጋ። አሞሌው ግን ጠርዙ የተሰበረ ይሁን፤ ፊቱም «ተቀበለኝ» የሚልና የሚጠራጠር ይሁን። ተመልካቹ ይህንን ሲያይ ሳያስበው ድርድር ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ የተሰበረውን በሙሉ ዋጋ ሊያሳልፍብኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያታለልኩት ብሎ ይጠይቃል፤ ጌማችሁም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ጥያቄ ነው። ሠዓሊው ሚዛን ልጨምር ቢል ግን አይፍቀዱለት፤ አሞሌ በዚያ ዘመን እንደ ገንዘብ በቁጥር የሚሰጥ ነበር፣ ታሪክ የሚያውቅ ተጫዋችም ይታዘባችኋል። ግመሎቹም አይጣሉ፤ ከሰውዬው ትከሻ ኋላ አንድ ቀጭን መስመር ሆነው ይታዩ። በትልቁ ሥዕል ላይ ላያቸው ሰው ስጦታ ናቸው፤ በትንሹ ቢጠፉም የሚጎድል ነገር የለም።

አሣሣሉን በተመለከተ ጠያቂው ያላነሡት፣ እኔ ግን ሳላነሣው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ከየትኛውም አገር ሊመጡ የሚችሉ ለስላሳ ዲጂታል ሥዕሎች ናቸው፤ የምትሣሉት አገር ግን የራሱ አሣሣል ነበረው። ከጌማችሁ ዘመን የቀደመውን፣ የመጀመሪያው የጎንደር ዘመን አሣሣል የሚባለውን ብንወስድ ድፍን ደማቅ ቀለም፣ ጠንካራ የጠርዝ መስመርና ጭንቅንቅ የሌለው ጀርባ ነበረው፤ ጥላ እያስገባ ቅርጽን ማለስለስ የመጣው ከእርሱ በኋላ ባለው በሁለተኛው ነው። የብራና መጽሐፍ ሥዕልም ከገጹ ጥበት የተነሣ ትንሽ ቦታ ውስጥ ብዙ መናገር ነበረበት፤ ትልልቅ ዓይን፣ ትልቅ እጅና ግልጽ የጣት ምልክትም ይታይበታል። ዛሬ የካፕሱል ባለሙያ በብዙ ሙከራ የሚደርስበት መፍትሔ በአመዛኙ ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉ ሰው ግን በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ እንደሚሣል ያውቃሉ። ነጋድራስዎን ፊቱን በግማሽ አዙሮ ሁለተኛው ዓይኑ በጭንቅ ብቻ እንዲታይ ቢያደርጉት፣ ባህሉን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ የማያውቀውም ሰውዬው እንደማይታመን ይሰማዋል። ለንጽጽር ያህል፣ በየሆቴሉ ግድግዳ የምናያቸው የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች በመቶ የሚቆጠር ሰው ይዘው በሜትር ስፋት ሲታዩ ግሩም ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱን ወደ 120 ፒክስል ቢያሳንሱት የሚቀረው ዝንጉርጉር ጨርቅ ነው። የእርስዎ የግመል ሰልፍ ከዚህኛው ወገን ነው።

ቀለሙን የሚወስነው ጎረቤቱ ነው። የስቲም ሱቅ ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ፣ ጠርዙ ጥቁር ወይም ሰማያዊ የሆነ ሽፋን ከገጹ ጋር ይቀላቀልና ቅርጹን ያጣል። የጀንበር መጥለቅ ብርቱካናማ ደግሞ በበረሃም፣ በባሕርም፣ በጦርነትም ጌም ላይ ስለተደጋገመ ዓይን ለምዶታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳዘነኝ በእጃችሁ ያለውን ነጭ አለመጠቀማችሁ ነው። የጨው ሜዳ በቀትር ሲታይ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው፤ በዚያ ነጭ ላይ በጥቁር መስመር የተከበበ፣ አንድ ቀይ ነገር የለበሰ ሰው ቢቆም በጥቁር ሰማያዊ ዝርዝር መካከል እንደ ተከፈተ መስኮት ይታያል። ስለዚህ ጀንበሯን ትተው ቀትሩን ይሣሉ። የታሰበው መሆኑን ለማረጋገጥ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ቀለም ሲወጣ ሰውዬው ከጀርባው ካልተለየ፣ ቀለሙ ያደርግልዎታል ብለው ያሰቡትን ብርሃንና ጥላ አልሠሩትም ማለት ነው። ከዚያም ከእርስዎ ጌም ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊቀመጡ የሚችሉ ሃያ ያህል የንግድና የስልት ጌሞች ሽፋን ሰብስበው የእርስዎን በመካከላቸው ያስገቡት፤ ለሁለትና ለሦስት ሴኮንድ ያህል ለማያውቅዎት ሰው ያሳዩትና ምን እንዳየ ይጠይቁት። ወንድምዎን፣ ጓደኛዎን፣ ጌሙን የሞከረ ሰው አይጠይቁ፤ እነዚህ ሥዕሉን ሳይሆን እርስዎን ነው የሚያዩት።

የአማርኛው ጽሑፍ ነገር ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበዎት ይመስላል፤ ተገቢም ነው። በአንድ በኩል ፊደላችን ለዚህ ሥራ የሚያመች ጠባይ አለው። «ሲራራ» በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ስድስት ይሆናል። በ120 ፒክስል ስፋት ውስጥ ለአንድ የአማርኛ ፊደል አርባ ፒክስል ሲደርሰው ለላቲኑ የሚደርሰው ሃያ ነው፤ በዚህ መጠን ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በሌላ በኩል ግን የፊደላችን ድምፅ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ሲ» እና «ሱ» የሚለዩት ቅጥያዋ በቀኝ እግሩ ግርጌ ወይም ወገብ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ሲያንስ ያቺ ቅጥያ ከእግሩ ጋር ትዋሐድና አንባቢው «ሱራራ» ይሁን «ሲራራ» መለየት ያቅተዋል። አሁን የተጠቀማችሁበት ቀጭን የመጽሐፍ ፊደል ለረጅም ጽሑፍ እንጂ ለርእስ የተሠራ አይደለም። ኖቶ የተባሉት የኮምፒዩተር የግእዝ ፊደላት እስከ በጣም ወፍራም ድረስ የሚሄድ ውፍረት ስላላቸው ለሙከራ ይሆኑዎታል፤ የመጨረሻው ርእስ ግን በእጅ የተጻፈ፣ የቁም ጽሕፈትን ወፍራም እግር የያዘና የ«ሲ» ቅጥያ ሆን ተብሎ የተጋነነ ቢሆን ይሻላል። ርእስ በሚጻፍበት ጊዜ ፊደልን ማጋነን ነውር አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎችም በአርእስት ላይ ቀይ ቀለም የሚያነሡት እንዲያው ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ተብሎም በትንሹ ካፕሱል ላይ የላቲኑ ብቻ ይኑር እላለሁ። የስቲም ሱቅ በአማርኛ አይቀርብም፤ አብዛኛው ገዢም ፊደሉን ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ ያልቻለውን ስም ደግሞ ለጓደኛው ሊነግረውም፣ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ሊጽፈውም አይችልም። ሁለቱን ጽሑፎች በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ መደራረብ ሁለቱንም መግደል ነው፤ አሁን የደረሰባችሁም ይኸው ነው። በትልልቆቹ ላይ፣ ማለትም በዋናው ካፕሱልና ገዢው ከገዛ በኋላ በላይብረሪው ውስጥ በሚያየው ቁመታም ሥዕል ላይ ግን አማርኛውን እንደ ነጋድራሱ ማኅተም አድርገው በአንድ ጥግ ያስቀምጡት። እዚያ ቦታ አለው፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ጌሞች መካከል የሚያልፍ አማርኛ አንባቢም የገዛ ፊደሉን ድንገት ሲያገኝ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከዚያ አልፎ አማርኛውን ወደ ጌሙ መክፈቻ ያስገቡት፤ እዚያ ማንም አያጣብበውም።

ስለ ደንቡ በአጭሩ ልለፈው። ስቲም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሽፋን ሥዕሎች ላይ ከጌሙ ሥዕል፣ ከጌሙ ስምና ይፋዊ ከሆነ ንኡስ ርእስ በቀር ሌላ ጽሑፍ አይቀበልም፤ የተቺዎችን ነጥብ፣ የሽልማት አርማ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ አይለጥፉ። ትልቅ ማሻሻያ ሲያወጡ ያንን የሚናገር ጊዜያዊ ሥዕል ቢበዛ ለአንድ ወር ማውጣት ይፈቀዳል። የሚጠየቁት መጠኖችም እርስ በርሳቸው ቅርጻቸው አይመሳሰልም፦ ራስጌው 920 በ430፣ ዋናው 1232 በ706፣ ቁመታሙ 748 በ896፣ የላይብረሪው 600 በ900 ሲሆን፣ ከላይብረሪው ገጽ አናት ላይ የሚዘረጋው 3840 በ1240 የሆነው ሰፊ ሥዕል ደግሞ ጽሑፍ አይኖርበትም። አንዱን ሥዕል እየቆረጡ ሁሉንም ለመሙላት አይሞክሩ፤ ሰውዬው፣ እጁና አሞሌው፣ ጀርባው፣ ጽሑፉ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ንብርብር ላይ ተሠርተው ለየቅርጹ እንደገና መደርደር አለባቸው። ኢች በተባለው ሌላ የጌም ሱቅ ላይም ጌሙን የምታወጡ ከሆነ የሚመከረው የሽፋን መጠን 630 በ500 ነው፤ ከስቲም ትንሹ ካፕሱል ይልቅ ወደ ካሬ ስለሚቀርብ ለፊትና ለእጅ ይመቻል።

ለሠዓሊ መክፈል ይገባናል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይገባል። ሦስት ዓመት የሠራችሁትን ጌም ሰው ሁሉ በዚህች ሥዕል ስለሚመዝነው፣ ገንዘብ ካነሰ ከሌላ ወጪ ቀንሳችሁ እዚህ ላይ ብትጨምሩ እመርጣለሁ። ነገር ግን «ቆንጆ ሽፋን ሥራልን» ብላችሁ ብቻ አትላኩት። ሽፋኑ የሚታይባቸውን መጠኖች፣ የሰበሰባችኋቸውን ሃያ ሽፋኖች፣ ከጌሙ አምስት ስክሪንሹት፣ «ተጫዋቹ የሚጠራጠር ነጋዴ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርና የምትፈልጉትን የአሣሣል ምሳሌ ስጡት፤ ከዚያ በመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ጥፍር የሚያክሉ ረቂቆች ብቻ ጠይቁት። ገንዘብ የሚባክነው በረቂቅ ደረጃ አይደለም፤ ያለቀ ሥዕል ሲመለስ ነው። ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው የሚሰጠው መብት ስላለ፣ ሥዕሉን ለማስታወቂያ፣ ለቲሸርትም ሆነ ለሌላ ሱቅ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ይህ በግልጽ ይጻፍ፤ ንብርብሮቹ ያልተጨፈለቁበት ዋናው ፋይልም እንደሚሰጣችሁ ይጠቀስ። ጓደኛዎ ለሥዕሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጠቀም ማለታቸውንም ጠቅሰዋል። ስቲም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንዲህ ባለ መሣሪያ የተሠራ ይዘት እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ መግለጫውም ገጹ ላይ ለገዢው ይታያል። እኔ የማልመክረው ግን ከዚያ በቀለለ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው የተደጋገመውን ስለሆነ አሞሌ ቢሉት ጡብ፣ ነጋድራስ ቢሉት የአረብ ሼኽ ሥሎ ያመጣልዎታል፤ የእርስዎ ጌም ደግሞ የሚለየው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

አዲሱ ሽፋን ሲወጣ መሻሻሉን እንዴት እናውቃለን የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስቲም ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ሰው ወደ ገጹ እንደገባ ከየቦታው ለይቶ ያሳያል፤ ሁለት ሽፋኖችን ለሁለት ወገን ከፍሎ የሚያወዳድር መሣሪያ ግን አልሰጠንም። ጎግል ፕሌይ ለሞባይል ጌሞች እንዲህ ያለ የሙከራ አሠራር አለው፤ እኛ ግን በፊትና በኋላ ብቻ ነው ማወዳደር የምንችለው። ስለዚህ ሽፋኑን በቀየሩበት ሳምንት ዋጋ አይቀንሱ፣ ቪዲዮ አይቀይሩ፣ ማስታወቂያም አይልቀቁ። ጠቅላላውን ቁጥር ትተው አንድ ምንጭ፣ ለምሳሌ የፍለጋ ውጤትን ብቻ፣ ካለፉት ሳምንታት ጋር ያስተያዩ፤ ስምዎን ፈልጎ የመጣ ሰውና ሳያስብ በዝርዝር ያለፈ ሰው የመግባት ዕድላቸው ፈጽሞ አይመሳሰልምና ሁለቱን ሲቀላቅሉ ቁጥሩ ያታልላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍርድ አይስጡ። ዊሽሊስቱንም አብረው ይዩ፤ የሚገባው ሰው በዝቶ ዊሽሊስት የሚያስገባው በመጠኑ ካልጨመረ፣ ሽፋኑ የጠራው የጌሙን ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ምን ዓይነት ጌም እንደሚያስመስል እንደገና ይጠይቁ።

በመጨረሻ የቀጠሮ ነገር አለ። ገና ያልወጡ ጌሞች በነጻ ናሙና ለሚቀርቡበት ለሚቀጥለው የስቲም ኔክስት ፌስት ልትመዘገቡ እንዳሰባችሁ ጽፈዋል። ይህ ፌስቲቫል በዓመት ሦስት ጊዜ ቢካሄድም አንድ ጌም መሳተፍ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከብዙ ሌሎች ጌሞች ጋር ጎን ለጎን የምትሰለፉትም በዚያው ትንሽ ካፕሱል ነው። አዲሱ ሽፋን ወጥቶ ቢያንስ አንድ ወር ሳይፈተን አትመዝገቡ፤ ካልደረሰ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ። የሠዓሊው ረቂቅ ሲደርሳችሁም እኔን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በ120 ፒክስል ስፋት አሳንሳችሁ ላኩልኝ፤ ትልቁን ማየት አያስፈልገኝም።